ከንቦቹ ጀርባ

ሳቂታ ስሟ አይደለም። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መካከል እናቷ ያወጡላትን ስም ቶሎ የሚያስታውስ አልነበረም። ሰው ሁሉ ኮቴውን አጥፍቶ በሚገባበት ቤት ውስጥ፣ እሷ አንድ ነገር ካሳቃት ከማጣቀሻ ክፍል ሆና ከት ብላ ትስቃለች፤ ሳቋም ደረጃውን ወጥቶ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል። ተማሪዎቹ ቀና ይሉና ፈገግ ብለው ወደ ንባባቸው ይመለሳሉ። አለቃዋ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር አያውቁም። ከቢሯቸው ብቅ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ እየጫኑ፣ «እሽሽ! አንቺ ልጅ፣ እዚህ ቤት ሰው ያነባል እኮ!» ይሏታል። ልጅ የሚሏት የሁለት ልጆች እናት፣ የሁለተኛ ዲግሪ ባለቤት ናት። ቢሆንም «እሺ ጋሼ» ብላ አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ትከሻዋ ግን መንቀጥቀጡን አያቆምም።

እኚህን አለቃ ተማሪዎች «ባለቁልፉ» ይሏቸዋል። ቀበቷቸው ላይ አንድ ዘለላ ቁልፍ ስለሚንጠለጠል ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ቁልፉ ለጌጥ አልነበረም። በዚያ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍና አንባቢ በዓይን አይተዋወቁም። መደርደሪያዎቹ በብረት በር ተቆልፈው ከበስተኋላ ይቀመጣሉ፤ ተማሪው የመጽሐፉን መለያ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ በአንዲት ትንሽ መስኮት ያስገባና እግሩ እስኪደነዝዝ ይቆማል። ሠራተኛ ገብቶ ይፈልጋል። ሲመለስ ወይ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል፣ ወይ «የለም» ይላል። «የለም» የተባለ ተማሪ ከጎኑ ምን እንዳለ አይቶ ሌላ መምረጥ አይችልም፤ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

ጋሼ በሩን የቆለፉት ከመሬት ተነሥተው እንዳልሆነ ሁሉም ሠራተኛ ያውቃል። እሳቸው ወጣት ሳሉ መደርደሪያዎቹ ክፍት ነበሩ። የአንደኛው ፎቅ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ፎቅ ላይ አረንጓዴ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው ላይ የወርቅ ቅጠል የታተመበት፣ በእጅ የተሣሉ የዕፅዋት ሥዕሎች የያዘ አንድ መጽሐፍ ነበር፤ ሁለተኛ የለውም። አንድ ቀን ጠፋ። ያ ወጣት ኃላፊ ተጠየቀ፣ ተመረመረ፣ በመጨረሻም ቤቱ በጎረቤት ፊት ተፈተሸ። ገና ያገባት ሚስቱ የሠርግ ሻንጣዋን ለፈታሾቹ ስትከፍት ቆሞ አየ። ምንም አልተገኘም፤ ምንም አልተረጋገጠም። ግን «እጁ ረጅም ነው» የሚለው ሹክሹክታ ለስንት ዓመት ተከተለው፤ ዕድገት በመጣ ቁጥርም እሱን እያለፈ ለሌላው ደረሰ። ቆይቶ አለቃ ሲሆን የመጀመሪያ ትእዛዙ ያ የብረት በር ነበር። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰው በሌብነት አይጠረጠርም» አሉ ይባላል። ደግ ሐሳብ ነው። ጣጣው፣ መጽሐፉም አብሮ ታሰረ።

ሳቂታ ወደዚህ ቤት የገባችው በዚያች መስኮት በኩል ነው። ሥራ ስትጀምር ብጣሽ ወረቀት ተቀብላ የምትሮጥ፣ ተመልሳም «የለም» የምትል ሠራተኛ ነበረች። «የለም» የሚለው ቃል ያኔ ነው የሰለቻት። ከሥራ በኋላ ተማረች። የመጀመሪያ ልጇን እያጠባች ስለ መጻሕፍት አመዳደብ ለፈተና አጠናች፤ ሁለተኛውን አርግዛ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨረሰች። ከመስኮቱ ወደ ካታሎግ ክፍል፣ ከካታሎግ ወደ ማጣቀሻ ተዛወረች። አዲስ ተማሪዎችን መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ ማስተማር ጀመረች። ሐኪሞች ለጥናታቸው ጽሑፍ ስትፈልግላቸው ስሟን ከስማቸው ጎን እስከ መጻፍ ደረሱ። የጋዜጣ ወረቀት ላይ ስሙ የወጣ ሰው እንኳ እንደዚያ አይደሰትም፤ ያቺን ገጽ አባዝታ ወጥ ቤት ለጠፈቻት።

እናቷን ግን ይህ ሁሉ አላረካቸውም። አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች» ብለው አውርተዋል።

«እማዬ፣ እኔ እኮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ» ትላለች።

«ታዲያ መጽሐፍ ለመደርደር ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማረችው ብዬ ላውራልሽ? ተይኝ እባክሽ!»

ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው የዳይሬክተርነቱ ቦታ ለውድድር ወጣ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ ሳቂታ ናት። ሁለተኛው ከንብረት ክፍል የመጣ ሰው ሲሆን፣ የንብረት ኃላፊው «መጽሐፍ ማለት ቋሚ ዕቃ ነው፤ ወንበርና መጽሐፍ ምን ለያቸው?» እያለ የሚደግፈው ነበር። ሳቂታ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ለኮሚቴው ባቀረበችው ዕቅድ ላይ አንድ ነገር ብቻ በትልቁ ጻፈች፦ በሩ ይከፈት፤ ተማሪው ራሱ ገብቶ ይምረጥ።

ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ። የንብረት ኃላፊው ፈገግ አለ። ሰብሳቢዋ ምክትል ፕሬዚዳንት ሁለቱንም አይተው መንገድ አበጁ። አንደኛው ፎቅ ለአንድ ሴሚስተር ይከፈት፤ በመጨረሻ ቆጠራ ይደረግ፤ በቆጠራው ውጤት ይወሰን አሉ።

«አንድም ሳይጎድል ካለፈች ተቃውሞዬን አነሣለሁ» አሉ ጋሼ። «ከጎደለ ግን በሩ ይቆለፋል፤ ቦታውንም ሌላ ሰው ይያዘው።»

ሳቂታ «እሺ» አለች። እሺ ካለች በኋላ ነው ምን እንዳስያዘች የገባት።

ያ ሴሚስተር ምን የመሰለ ሴሚስተር ነበር! በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው ማንም ግቡ ሳይላቸው ለመግባት ፈሩ። በሳምንቱ ግን የነርስ ተማሪዎች በሁለት መደርደሪያ መካከል ወለል ላይ ቁጭ ብለው ሲጠያየቁ ተገኙ። አንድ የሕግ ተማሪ አንድ መጽሐፍ ፈልጎ ገብቶ አምስት አቅፎ ወጣ፤ አራቱ በዓለም ላይ መኖራቸውን አያውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ መቀመጫ ይጠፋል። ሳቂታ በየመደርደሪያው ስታልፍ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። በበሩ ላይ ጥበቃዎቹ የእያንዳንዱን ሰው ቦርሳ ይፈትሻሉ፤ ስለዚህ ስለ ሌባ አልሰጋችም።

ከዚያ ፈተናው አለፈ፣ ቆጠራው መጣ፣ ጉድም ፈላ።

ቆጠራውን የመራችው የካታሎግ ክፍሏ ጓደኛዋ ነበረች፤ ሁለት መነጽር፣ አንዱን ዓይኗ ላይ አንዱን ጸጉሯ ላይ ስለምታደርግ «መነጽር» ትባላለች። የባርኮድ ማንበቢያውን ይዛ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስትሄድ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። «ይኸኛው የለም… ይኸኛውም የለም…» ጨርሳ ስትመጣ መነጽሯን ሁለቱንም አውልቃ ነበር።

«ሳቂታዬ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ መጽሐፍ የለም። ደግሞ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የሕክምናው፣ የሕጉ፣ የሒሳቡ፣ ተማሪ የሚሻማባቸው ሁሉ።»

ሳቂታ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ስብሰባው ዓርብ ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ። የመስኮቱ ሥራ፣ የማታው ትምህርት፣ ጡት እያጠባች የተፈተነችው ፈተና፣ ሁሉም በአንድ ጋሪ መጽሐፍ ሊሄድ ነው። ከዚህ የበለጠ ያቃጠላት ግን ተማሪዎቹ ነበሩ። አምናቸው ነበር የከፈተችላቸው፤ ጉድ ሠሩኝ ብላ እንባ ተናነቃት።

ጋሼ ወሬውን ሰምተው መጡ። ሁሉም «ነግሬሽ ነበር» ይላሉ ብሎ ጠበቀ። አላሉም። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና፣ «አንቺንም እንደ እኔ እንዳያደርጉሽ ነበር የፈራሁት» ብለው ሄዱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ቤቷ ስትደርስ ደግሞ እናቷ ቤቱን ገልብጠውታል። የልብስ መቀሳቸው ጠፍቷል።

«ሌባ ገብቷል!» ይላሉ። «ያ ስለታም መቀሴ! ስንት ዘመን የኖረ!»

ባሏ ከአልጋ ሥር፣ ልጆቿ ከሶፋ ሥር ፈለጉ። በመጨረሻ ትንሿ ልጅ ከወፍራም ብርድ ልብሶቹ ሣጥን ውስጥ አወጣችው። ለካ ልጆቹ ወረቀት እየቆረጡ ሲያደንዙባቸው፣ ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ራሳቸው እናትዬዋ ደብቀውት፣ ከዚያ የደበቁበትን ረስተውት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቂታ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ያን ዕለት ግን ጥርሷም አልታየም።

በማግስቱ ጠዋት የንቡ መምህር መጣ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ስለ ንብ ያጠና፣ ስለ ንብ የሚያስተምር፣ ሲናደድም እንደ ንብ የሚነድፍ ነው ይባላል። ከሳቂታ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረገው።

«ስሚ ሳቂታ፣ ንብ ኩላሊት አላት እንዴ?»

«ምን?»

«መልሺልኝ! ይህ የሰው ኩላሊት መጽሐፍ ከእኔ ንቦች ጀርባ ምን ይሠራል? መጽሐፌን ስስብ ይኸ ወጣ። በመጣሁ ቁጥር ይኸው ነው፤ ባለፈው ጉበት ነበር፣ ከዚያ በፊት የወንጀል ሕግ!»

ሳቂታ መጽሐፉን አየችው። «የለም» ከተባሉት አንዱ ነው።

«ከዚህ በፊት ያገኘሃቸውን ምን አደረግሃቸው?»

«ወደነበሩበት መልሼ አስገባኋቸው ነዋ! ‹መጽሐፍ በራሳችሁ አትመልሱ፣ አታዛንፉ› እያላችሁ በየግድግዳው የምትለጥፉት እናንተ አይደላችሁ? ያስቀመጣችሁት እናንተ መስላችሁኝ!»

ሳቂታ አፏን ከፍታ ቀረች። የእናቷ መቀስ ትዝ አላት። ማንም የማይከፍተው ሣጥን። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ። ከት ብሎ ከማጣቀሻ ክፍል ወጣ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ላይኛው ፎቅ ደረሰ። የንቡ መምህር አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

የቁልፍ ድምፅ ተሰማ። «እሽሽ! አንቺ ልጅ፣ በዚህ በዛሬ ቀን ደግሞ…»

«ጋሼ፣ አልወጡም! እዚሁ ናቸው!»

«ምኖቹ?»

«መጻሕፍቱ! ሌባ ቢሆን እኮ ይዞ ይወጣል። እነዚህ ደበቁት እንጂ አልሰረቁም። ነገም መጥተው ሊያነቡት ስለፈለጉ፣ ሌላው እንዳይቀድማቸው ማንም የማይደርስበት ቦታ ከተቱት። ከዚያ ፈተናው አለቀ፣ መጽሐፉም እዚያው ቀረ። ማን ወደ ንብ ይሄዳል?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?» አለ የንቡ መምህር ቅር ብሎት።

በቤተ መጻሕፍት ሥራ «ጀርባ ማንበብ» የሚባል ነገር አለ። መጽሐፉን አትከፍተውም፤ የጀርባውን ቁጥር ብቻ እያየህ፣ አንድ በአንድ፣ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ትሄዳለህ። ቦታውን የሳተ ካለ ታወጣለህ፤ ከፊተኛው ረድፍ ኋላ እጅህን ሰደህ ትዳብሳለህ። አሰልቺ ነው፣ አንገት ያጣምማል፣ ዓይን ያደክማል። ማሽን አይሠራውም፤ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ለባለሙያ ከጠፋ አይለይም። ሳቂታ ከየክፍሉ ሠራተኛ ሰብስባ ፎቁን አከፋፈለች። ማንም አላጉረመረመም። በመስኮት «የለም» ያላለ ሠራተኛ አልነበረምና ሁሉም የራሱን ዕዳ የሚከፍል ይመስል ገባበት።

ከጥቂት ቆይታ በኋላ ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ብቅ አሉ። «የሕጉን ጥግ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። መነጽር ሳቂታን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ተማሪዎቹ እንዴት ያለ ብልሃት አላቸው! የሕግ ተማሪ በዶሮ እርባታ ይተማመናል። የሒሳብ ተማሪ ከግጥም መድበሎች ኋላ ይሸሸጋል። የሕክምናዎቹ ንብን፣ ብሎም የአፈር ጥበቃን መርጠዋል። በየጥጉ «አገኘሁ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጋሼ ራሳቸው አንድ ጊዜ «አገኘሁ!» ብለው ጮኸው ደነገጡ፣ ዙሪያቸውንም አዩ። ጋሪው እየሞላ ሄደ። ሳቂታ በመንገዷ ስታልፍ ጋሼን አንድ ቦታ ላይ ቆመው አየቻቸው። በአንድ እጃቸው ከተደበቁት አንዱን፣ በሌላው ከላይኛው ፎቅ ከተቆለፈው ያመጡትን የዚያኑ መጽሐፍ ሌላ ቅጂ ይዘዋል። አንዱ ጠርዙ ተነካክቶ፣ ገጹ ለስልሷል። ሌላው ገና አልተገለጠም። እያገላበጡ ያዩዋቸው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀረው የንብ መደርደሪያ ብቻ ነበር። ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ አሮጌ የብረት መደርደሪያ ነው፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ማንም አላነቃነቀውም። ሳቂታና መነጽር ንቦቹን በሙሉ አወጧቸው። ሁለት የአካል ክፍል፣ አንድ የውል ሕግ ከኋላቸው ተገኘ። ከታችኛው ሳንቃና ከግድግዳው መካከል ግን እጅ የማያስገባ ክፍተት አለ። ሳቂታ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኛች፤ ነገ ዳይሬክተር እሆናለሁ የምትል ሴት ቀሚሷ አቧራ ለብሶ፣ ፊቷ ሳንቃ ተጠግቶ፣ በረጅም ማስመሪያ ትጎረጉራለች። አንድ ነገር ነካች። ሳብ አደረገችው። አቧራና የሸረሪት ድር ይዞ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። በመዳፏ ጠረገችው።

አረንጓዴ ነው። ጀርባው ላይ የወርቅ ቅጠል አለ።

ያን መጽሐፍ ከጋሼ በቀር ማንም በዚያ ቤት ያየው የለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ያኔም፣ መደርደሪያው ክፍት በነበረበት ዘመን፣ አንድ ተማሪ ነገ ላንብበው ብሎ ከንቦቹ ጀርባ ሸጉጦት፣ ተንሸራትቶ ወርዶ ነው።

«በቃ!» አለች መነጽር በሹክሹክታ፣ ደስታ እያነቃት። «ነገ ይዘሽው ግቢ! ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጊው። ‹ይኸው፣ በሩን የቆለፉበት መጽሐፍ እዚሁ ነበር› በያቸው። የሚተነፍስ ሰው አይኖርም።»

እውነቷን ነው፤ የሚተነፍስ አይኖርም ነበር። ሳቂታም ለአፍታ አማራት። ከዚያ ግን ሚስታቸው በጎረቤት ፊት የከፈተችው ሻንጣ ታሰባት።

«አይሆንም» አለች። «ሰውየውን አንድ ጊዜ በሰው ፊት ገትረዋቸዋል። እኔ ልድገምባቸው?»

«ታዲያ ዛሬ በግል ስጫቸው።»

«ዛሬ ብሰጣቸው ነገ ድምፃቸውን የገዛሁበት ይመስላል። ይህ የእሳቸው ነው፤ የስብሰባ ማስረጃ አይደለም። ነገሩ ሲያልቅ፣ ብሸነፍም ባሸንፍም፣ እሰጣቸዋለሁ።» መጽሐፉን በሻርፗ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። መነጽር «አንቺስ የጤና አይደለሽም» ብላት ሄደች።

ዓርብ ስብሰባው ላይ ሳቂታ እንዳለ ተናገረች። የተደበቀውን፣ የተገኘውን፣ እንዴት እንደተገኘ። «ሁለት ግን አላገኘንም» አለች። «ፈልገን ፈልገን አጥተናቸዋል።»

የንብረት ኃላፊው ይህችን ነበር የሚጠብቀው። «እንግዲህ ቃል ቃል ነው! ‹አንድም ሳይጎድል› ነው የተባለው። ሁለት ጎድሏል። ወንበር ቢሆን ይጠየቅበታል።»

ምክትል ፕሬዚዳንቷ ወደ ጋሼ ዞረው፣ «ቅድመ ሁኔታው የእርስዎ ነው። ምን ይላሉ?» አሉ።

የሳቂታ መሳቢያ አንድ ፎቅ ብቻ ወረድ ብሎ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃታል፤ አንዲት ቃል። ምላሷን በጥርሷ ያዘች።

ጋሼ ከቦርሳቸው ሁለት መጽሐፍ አወጡ፤ አንዱ የለሰለሰ፣ አንዱ አዲስ የሚመስል።

«እነዚህ በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው» አሉ። «ይኸኛው በዚህች ልጅ ፎቅ ላይ የዋለ ነው። ይህ ደግሞ እኔ የቆለፍኩበት። እዩት፤ እስከ ዛሬ ሰው አልገለጠውም። እኔ ዘመኔን በሙሉ መጽሐፍ እንዳይጠፋ ጠብቄያለሁ። ለካ እንዳይነበብም ጠብቄያለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሁለት ጎድሏል? ይጉደል። እነዚያን ሁለቱን በስሜ ጻፉብኝ። በሩ ይከፈት። በሁሉም ፎቅ ይከፈት። ቦታውም የእሷ ነው።»

የንብረት ኃላፊው ወረቀቱን ሰብስቦ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። ምክትል ፕሬዚዳንቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉላት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዳይሬክተር» አሏት።

ሳቂታ ኮሪደር ላይ ወጥታ ስልክ ደወለች።

«እማዬ፣ ዳይሬክተር ሆንኩ!»

«የምን?»

«የቤተ መጻሕፍቱ!»

«ታዲያ አሁን ለጎረቤት ምን ልበል? አስተማሪ ናት ብያለሁ።»

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«እንግዲያማ የአስተማሪዎቹ መጽሐፍ ሁሉ አለቃ ናት እላለሁ። ካልኳቸው በላይ ሆነሻል!» አሉና፣ ስልኩን ሳይዘጉ ጎረቤት ሲጣሩ ተሰማ።

ሳቂታ መሳቢያዋን ከፍታ ሻርፑን አወጣች። ጋሼ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ብቻቸውን ይመላለሱ ነበር። በእርጋታ ጠርታ ወደ ንብ መደርደሪያ ወሰደቻቸው። እዚያ ካለች በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸውና ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አኖረች።

«ይህ የእርስዎ ነው ጋሼ።»

ሲፈቱት እጃቸው ቀስ ያለ ነበር። አረንጓዴውን ሲያዩ ቆመ። የወርቁን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ አንድ ገጽ ገለጡ፤ ሥዕሉ እንደ ትናንት ብሩህ ነው። «ለባለቤቴ… አሁኑኑ ወስጄ ላሳያት» አሉ። እንባቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ሳቂታም የራሷን አልጠረገችም።

«መቼ አገኘሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት? እና ዛሬ ስብሰባው ላይ…» ቀና ብለው አዩዋት። ሻርፗን አጣጠፈች። ገባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የት ነበር?»

በጣቷ ከእግራቸው ሥር፣ ከታችኛው ሳንቃ ኋላ አሳየቻቸው።

ጋሼ ሳንቃውን አዩ። ከዚያ ያን የብረት በር አዩ። ከዚያ ቀበቷቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ አዩ።

«ቆይ» አሉ። «ሌባው እንዳይገባ ብዬ በሩን ስቆልፍ…»

«አዎ ጋሼ።»

«መጽሐፉ ከውስጥ?»

«ከውስጥ።»

«እኔ ነኛ የቆለፍኩበት!»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቂታ ለቅሶው የበረታባቸው መስሏት ልትደግፋቸው ጎንበስ አለች። ለቅሶ አልነበረም። በዚያ ቤት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ከጋሼ ደረት ከት ብሎ ወጣ፤ ቁልፎቹን እያንሿሿ በመደርደሪያዎቹ መካከል ነጎደ፣ ደረጃውን ወጣ፣ ላይኛው ፎቅ ደረሰ። ሳቂታም አላስቻላትም፤ ተከተለቻቸው።

ከወዲያኛው ረድፍ ከንባቧ ቀና ያለች አንዲት ተማሪ አንገቷን በመጻሕፍቱ መካከል አሾለከችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ ጫነች።

«እሽሽ! እዚህ ቤት ሰው ያነባል እኮ!»

«እሺ» አሉ ጋሼ፣ አፋቸውንም በእጃቸው ያዙ። ትከሻቸው ግን መንቀጥቀጡን አላቆመም።